ከግላስጎ እስከ ባሮ፤ የዊንጌት ቤተ ዘመድ ታሪክና የምዕራብ ኢትዮጵያ ድንበር

በአዲስ አበባ ከተማ ዊንጌት የሚለውን ስም የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ትምህርት ቤቱ በስሙ ይጠራል፤ ሰፈሩም ስሙን ከትምህርት ቤቱ ወርሷል። መታሰቢያው የቆመው በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል ገብቶ ጣልያንን ለወጋው ለኦርድ ዊንጌት ነው። በጋምቤላ ታሪክ ውስጥ ግን ዊንጌት የሚለው ስም የሚገኘው በሌላ ቦታና በሌላ ሰው ላይ ነው፤ ይኸውም በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ሲቋቋም የሱዳን ጠቅላይ ገዥ የነበረው ሰር ሬጂናልድ ዊንጌት ነው። ሁለቱ ሰዎች የአንድ የስኮትላንድ ቤተ ዘመድ ልጆች ናቸው። ሬጂናልድ የኦርድ አባት የአጎት ልጅ ነበረ።

የኦርድን ታሪክ የጻፉት ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ሥራውን በግል ጠባዩ፣ ይኸውም በእምነቱ ጽናት፣ በቁጡነቱና በድፍረቱ ይተረጉሙታል። የእኛ ጥናት ግን የሰውን ልጅ ከዘመዱ ለይቶ አያይም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ አንድ ባለ ኒሻን ወታደር ወደ አገራችን የመጣው በየትኛው የዘመድ በር ነው? ያ በር ሲከፈትስ በድንበሩ ላይ የነበረው ሕዝብ ምን አገኘ፣ ምንስ አጣ? ለጎጃምና ለአዲስ አበባ የነፃነት ምልክት የሆነው ስም ለባሮና ለአኮቦ ሰዎች የድንበር ስም መሆኑን ሳያስተውሉ የዚህን ሰው ታሪክ በሙሉ መጻፍ አይቻልም። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ዘመናት፣ ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር፣ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የቤተ ዘመዱ መነሻ

ዊንጌቶች የስኮትላንድ ሰዎች ናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በግላስጎ ከተማና በአካባቢዋ ይኖሩ ከነበሩት የዚህ ቤት ልጆች አንዳንዶቹ ነጋዴዎች፣ አንዳንዶቹም የሃይማኖት ሰዎች ነበሩ። ከነጋዴዎቹ አንዱ አንድሩ ዊንጌት የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበረ። ከሃይማኖት ሰዎቹ ደግሞ ዊልያም ዊንጌት በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ተልኮ በ1830ዎቹ ወደ ሃንጋሪ ሄደ፤ በቡዳፔስትም ለአይሁድ ወንጌልን ይሰብክ ነበር። አንድሩ የሬጂናልድ አባት ነው፤ ዊልያም የኦርድ አያት ነው።

ይህ የሁለት መንገድ አከፋፈል ለኋላው ታሪክ ቍልፍ ይሆነናል። ከአንደኛው ሐረግ የመንግሥት ሰው ወጣ፤ ከሁለተኛው ሐረግ የመጽሐፍ ሰው ወጣ። የመንግሥቱ ሰው በኋላ ለመጽሐፉ ሰው ልጅ በር ይከፍትለታል። የዊልያም ልጅ ጆርጅ በህንድ አገር በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ኮሎኔል ሆኖ ያገለገለ፣ የፕሊመዝ ወንድሞች የተባለው ማኅበር ጽኑ አማኝ ነበረ። ሚስቱም ከዚያው ማኅበር ነበረች። በዚህ ማኅበር ዘንድ መጽሐፍ ቅዱስ በየዕለቱ የሚነበብ፣ በቃልም የሚያዝ፣ የኑሮ ሁሉ መለኪያ ነበር። የእኛ የቄስ ተማሪ ዳዊትን ደግሞ ደጋግሞ በቃሉ እንደሚይዘው ሁሉ ኦርድም መሳፍንትንና ነገሥትን በልጅነቱ አጥንቶ አደገ። ይህንን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የጎጃምን ጦር ጌዴዎን ብሎ የሰየመበት ምክንያት ከዚህ የሚመነጭ ነውና።

ሬጂናልድና የባሮ ጣቢያ

ሬጂናልድ ዊንጌት በ1853 ዓ.ም. በፖርት ግላስጎ ተወለደ። አባቱ የሞተበት ገና በሕፃንነቱ ስለ ነበር ያደገው በጀርዚ ደሴት ነው። በዉልዊች ወታደራዊ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1872 የመድፈኛ መኮንን ሆነ፤ በ1875 ወደ ግብፅ ጦር ገባ። በዚያም በስለላ ክፍል ውስጥ የሱዳንን ነገር ሁሉ እየሰበሰበ የሚመዘግብ፣ ዓረብኛ የሚያውቅ፣ ከማህዲስቶች እስር ያመለጡ አውሮፓውያን የሚሉትን ለዓለም ያሰማ ሰው ሆነ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1889 ሬኔል ሮድን ወደ ዐፄ ምኒልክ ሲልክ ሬጂናልድ ከመልእክተኞቹ አንዱ ነበር። የዓድዋ ድል ከተገኘ ገና አንድ ዓመት ብቻ ሆኖ ነበር፤ እንግሊዞችም ዐፄ ምኒልክ ለማህዲስቶች መሣሪያ እንዳያሳልፉላቸው ቃል ለማግኘት ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ከዊንጌቶች ውስጥ አዲስ አበባን ቀድሞ ያየው ኦርድ አይደለም፤ ኦርድ ገና ሳይወለድ ዘመዱ በቤተ መንግሥቱ ቆሟል።

በመስከረም 1891 ሬጂናልድ ከኪችነር ጋር ወደ ፋሾዳ ሄዶ ፈረንሳዮች ከነጭ ዓባይ እንዲለቁ በተደረገው ሙግት ተካፈለ። በኅዳር 1892 የኸሊፋ አብዱላሂን የመጨረሻ ጦር በኡም ዲወይከራት ድል የመታው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ በታኅሣሥ 1892 የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆነ፤ እስከ 1909 ድረስም፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል፣ በዚሁ ሥልጣን ላይ ቆየ።

የጋምቤላ ነገር የሚጀምረው በዚህ ዘመን ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን የተፈራረሙት ውል በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ያለውን ድንበር ወሰነ። በምዕራብ በኩል ድንበሩ የባሮን፣ የፒቦርንና የአኮቦን ወንዞች ተከትሎ እንዲሄድ ተደረገ። በዚያው ውል በአራተኛው አንቀጽ ዐፄ ምኒልክ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አጠገብ፣ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፣ የወንዝ ዳሩም ከ2,000 ሜትር ያልረዘመ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ። ቦታው ለንግድ ብቻ እንዲውል፣ ለፖለቲካና ለጦርነት ጉዳይ እንዳይሆን ተጽፏል። ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ መንግሥት አገዛዝ ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተወስኗል። ይህ የመጨረሻው ቃል ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ሆኖም ከሃምሳ ዓመት በኋላ የቦታውን ዕድል የወሰነው እሱ ነው።

ጣቢያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ሲከፈት የተመረጠው ቦታ ኢታንግ ሳይሆን ከእሱ ከፍ ብሎ ያለው ጋምቤላ ሆነ። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው እዚያ ይደርሳሉ፤ በበጋ ውኃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። ከጎሬና ከሳዮ ደጋ በበቅሎና በሰው ጫንቃ የሚወርደው ቡና፣ ሰምና ቆዳ በመርከብ ተጭኖ ይወርዳል፤ ጨርቅና ጨው የመሳሰለው ዕቃ ይወጣል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ጋምቤላ ንግድ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ይህ ጣቢያ ምዕራቡን የአገራችንን ክፍል ከጅቡቲ መንገድ ለይቶ ወደ ካርቱም ያዞረ ትልቅ የንግድ በር ነበረ።

በውሉ ላይ የፈረሙት አዲስ አበባና ለንደን ናቸው፤ የአኙዋክና የኑዌር ሰዎች ግን አልተጠየቁም። ወንዙ ለካርታ ሠሪ ድንበር ነው፤ ለባሮ ዳር ሰው ግን ማጥመጃ፣ መጠጫ፣ መሻገሪያ ነው፤ ከብቱ በበጋ ከዚህ ወዲያ፣ በክረምት ከዚያ ወዲህ ይውላል። ስለዚህ ወንዙ ድንበር በሆነ ጊዜ የአንድ አባት ልጆች በሁለት መንግሥት ሥር ወደቁ። አኙዋኮች የዝሆን ጥርስ ሰጥተው ከደጋ ነጋዴዎች ፉዚግራ ጠመንጃ ያገኙ ስለ ነበር፣ የሁለቱም መንግሥታት ግብር ሰብሳቢዎች የማይደፍሯቸው ኃይለኞች ሆኑ። በመጋቢት 1904 አኳይ ዋ ቻም የተባለው የአኙዋክ መሪ ከሱዳን የተላከውን ጦር በኦዶንጋ ገጥሞ ክፉ ጉዳት አደረሰበት፤ ከሞቱት መካከል ሁለት የእንግሊዝና ሦስት የሱዳን መኮንኖች ይገኛሉ፤ የወደቁት ወታደሮችም ከአርባ ይበልጣሉ። ጦሩን የላከው መንግሥት የሬጂናልድ ዊንጌት መንግሥት ነው። እንግዲህ በባሮና በአኮቦ ዳር የዊንጌት ስም መጀመሪያ የተሰማው ከነፃነት ጋር ሳይሆን ከግብርና ከዘመቻ ጋር ነው።

ሬጂናልድ ከሱዳን ወደ ግብፅ ተዛውሮ ከ1909 እስከ 1911 የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆኖ ቆየ፤ ግብፆች ያነሡት የነፃነት ጥያቄ በለንደን እንዲሰማ በመምከሩ በመንግሥቱ ዘንድ ተነቀፈ፤ ሥራውንም አጣ። በኋላ የባሮኔት ማዕረግ ተሰጠው። ከልጆቹ አንዱ ማልኮም በመጋቢት 1910 በፈረንሳይ ግንባር ሞተ። እሱም እንደ አባቱ የላቀ አገልግሎት ኒሻን የተቀበለ መኮንን ነበረ። ሬጂናልድ ራሱ በጥር 1945 በስኮትላንድ በደንባር ከተማ እስኪሞት ድረስ ብዙ ዕድሜ አገኘ፤ የሚያሳድገው ዘመዱ ጀግና ሆኖ ሲነሣና ሲወድቅ ሁለቱንም ለማየት በቅቷል።

ኦርድና የዘመድ ደብዳቤ

ኦርድ ዊንጌት የካቲት 19 ቀን 1895 በህንድ አገር በናይኒ ታል ተወለደ። ወላጆቹ ሰባት ልጆች ነበሯቸው፤ ከወንዶቹ በኩሩ እሱ ነው። የተማረው በእንግሊዝ አገር ስለ ነበር በትውልድ ቦታውም ሆነ በአስተዳደጉ ስኮትላንዳዊ አይባልም፤ በዘር ሐረጉ ግን የስኮትላንድ ሰው ነው። በጥር 1927 ያገባትም ሎርና ፓተርሰን የስኮትላንድ ቤተ ሰብ ልጅ ነበረች። እንደ ዘመዱ እንደ ሬጂናልድ በዉልዊች ተምሮ በ1915 የመድፈኛ መኮንን ሆነ። ከእሱም በኋላ ቢሆን በዘመዱ ፈለግ መሄዱን አልተወም፤ ዓረብኛ ይማር ዘንድ የመከረው፣ በሱዳን ላሉት የጦር አለቆችም የመግቢያ ደብዳቤ የጻፈለት፣ በቤተ ዘመዱ ዘንድ ሬክስ የሚባለው ሬጂናልድ ነበር።

በ1920 ኦርድ ወደ ሱዳን መከላከያ ጦር ገባ፤ የተመደበውም በኢትዮጵያ ድንበር በሚጠብቀው የምሥራቅ ዓረብ ጓድ ውስጥ ነው። በገዳሪፍና በገላባት በኩል፣ በድንድርና በራሃድ ወንዞች ዙሪያ፣ ባሪያ ፈንጋዮችንና የዝሆን አዳኞችን ሲያሳድድ አምስት ዓመት ያህል ቆየ። በኋላ ያሳየው የደፈጣ ውጊያ ዘዴ፣ በሌሊት መጓዝና ያልተጠበቀ መንገድ መምረጥ፣ መሠረቱ የተጣለው በዚህ በእኛው ድንበር ላይ ነው።

በዚህ ላይ ማሰብ የሚገባን ነገር አለ። ኦርድ የጠበቀውን ድንበር ያስከበረው የሬጂናልድ መንግሥት ነው፤ ያገለገለበትን አስተዳደር ያቋቋመው ሬጂናልድ ነው፤ የገባበትም ደብዳቤ የሬጂናልድ ነው። ስለዚህ የሰውየው ዕድል የተሠራው በድፍረቱ ብቻ አይደለም። በሐረጉ ላይ ተንጠልጥሎ የወጣ ሰው ነው። ይህን ማለት ጀግንነቱን ማሳነስ አይሆንም፤ ጀግንነቱ የበቀለበትን መሬት ማሳየት እንጂ።

በ1929 ወደ ፍልስጥኤም ተዛወረ። በ1930 ከአይሁድ ወጣቶችና ከእንግሊዝ ወታደሮች ልዩ የሌሊት ጓዶች የተባሉትን አቋቋመ፤ በዚሁ ዓመት የመጀመሪያውን የላቀ አገልግሎት ኒሻን ተቀበለ። አያቱ ለአይሁድ ሊሰብክ ወደ ቡዳፔስት ሄዶ ነበር፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ለአይሁድ መንግሥት የሚከራከር ሆኖ ከገዛ አለቆቹ ጋር ተጣላ። የአያቱ መጽሐፍ በልጅ ልጁ እጅ ሰይፍ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጎጃም ዘመቻ

ጣልያን ወደ ጦርነቱ ሲገባ በሰኔ 1932 ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደታቸው ወደ ካርቱም መጡ። በነሐሴ ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ወደ ጎጃም ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ተገናኘ። ጄኔራል ዌቬል ኦርድን ወደ ካርቱም የጠራው ከዚህ በኋላ ነው። ኦርድ በኅዳር 1933 በአውሮፕላን ወደ ጎጃም ገብቶ ከሳንድፎርድ ጋር ተማከረ። ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ።

ጌዴዎን የተባለው ጦር በአጠቃላይ 1,700 ሰው ያህል ነበር፤ ይኸውም 50 የእንግሊዝ መኮንኖች፣ 20 የበታች ሹማምንት፣ 800 የሱዳን ወታደሮችና 800 ያህል ገና በመሠልጠን ላይ ያሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ጓዝ የተሸከሙት በሺህ የሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች የደጋውን ብርድና አቀበት ሳይችሉ በየመንገዱ አለቁ። የመጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን በሦስት መቶ ሰው ምድያምን እንደ በተነ፣ ይህም ጦር ከእሱ ብዙ ጊዜ የሚበልጠውን የጣልያን ኃይል ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ በሌሊት ወረራና በማታለል አስለቀቀ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ። የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር በግንቦት ወር በደራ በኩል እጁን ሰጠ።

ለዚህ ሥራ ኦርድ በኒሻኑ ላይ የመጀመሪያውን ተጨማሪ ምልክት ተቀበለ። ነገር ግን የጎጃምን አገር ለጣልያን የማይመች ያደረጉት ከእሱ በፊት ለአምስት ዓመት በዱር በገደል የቆዩት አርበኞች ናቸው። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ የየራሳቸውን ጦር ይዘው ባይጠብቁት ኖሮ 1,700 ሰው ምንም ቢደፍር ጎጃምን አያስለቅቅም ነበር። ኦርድ ራሱ ይህን ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም። ከዘመቻው በኋላ በጻፈው ሪፖርት የእንግሊዝ ሹማምንት ኢትዮጵያውያንን በንቀት ማየታቸውን፣ ነፃ ለወጣ አገር የሚገባውንም አለማድረጋቸውን በጽኑ ነቅፏል። ለዚህም ድፍረቱ ያገኘው ምስጋና አልነበረም፤ ጦሩ ፈረሰ፤ ማዕረጉ ከኮሎኔልነት ወደ ሻለቃነት ወረደ። ወባ በያዘው በሰኔ 1933 መጨረሻ በካይሮ ሕይወቱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ።

በዚያው ጊዜ በባሮ ዳር

ጎጃም ላይ ይህ ሲሆን ጋምቤላ ላይ የሚሆነው ሌላ ነበር፤ የዘመቻው ታሪክ ግን ይህንን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። ጋምቤላን በመጋቢት 1933 ያስለቀቀው የንጉሡ አፍሪካዊ ተኳሾች የተባለው የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ነው። ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦርም በአሶሳ በኩል ገብቶ በጋምቤላ አልፎ ወደ ሳዮ ደጋ ወጣ። በሰኔ 1933 መጨረሻ ጄኔራል ጋዜራ በሳዮ እጁን ሰጠ። ስለዚህ የምዕራቡ ኢትዮጵያ ነፃነት የተገኘው በብዙ አፍሪካውያን እጅ ነው፤ ከእነሱ ውስጥ ከኮንጎ ወንዝ ዳር ተነሥተው በጭነት ጀልባና በእግር እስከ ባሮ የደረሱ ነበሩ።

በአኮቦና በጊሎ ወንዞች ላይ ደግሞ ለእኛ ትምህርት ቅርብ የሆነ ሰው ነበረ። ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ኑዌሮችንና አኙዋኮችን ከጦርነቱ በፊት አጥንቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ስለ ሁለቱም መጻሕፍት ያወጣ ሊቅ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ መኮንን ሆኖ ጥቂት አኙዋኮችን አስታጥቆ የጣልያንን ጠረፍ ጣቢያዎች ይወጋ ጀመር። ያደረገውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973፣ በሞተበት ዓመት፣ በአንድ የእንግሊዝ ወታደራዊ መጽሔት ላይ አውጥቶታል። አሜሪካዊው ሊቅ ክሊፎርድ ጊርትስም በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ጽሑፍ መርምሮ፣ የሊቁ አጻጻፍ ነገሩን ሁሉ ግልጽ አስመስሎ እንዴት እንደሚያቀርብ አሳይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ጉድለት ጎልቶ ይታያል። ሊቁን የመሩት፣ በሣሩ ውስጥ መንገድ ያሳዩት፣ የጠላትን ሰፈር ያስቃኙት አኙዋኮች በራሳቸው ቃል የተናገሩት የጦርነቱ ታሪክ ከሊቁ ጽሑፍ ጎን ተተክሎ አልቆመም። የአኙዋክ ሰው ደግሞ የአባቶቹን ሥራ የሚረሳ አይደለም፤ ሐረጉን ቆጥሮ የማን ልጅ ለማን ጠመንጃ እንደ ተሸከመ የሚናገር ሕዝብ ነው።

ኒሻንና ዶቃ

ኦርድ ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላ ወደ በርማ ሄዶ ቺንዲት የተባለውን ጦር መራ፤ በ1935 ባደረገው ዘመቻ ሁለተኛውን ተጨማሪ ምልክት አገኘ። መጋቢት 15 ቀን 1936 በሰሜን ምሥራቅ ህንድ የተሳፈረበት አውሮፕላን ወድቆ ዐሥር ሰው ሲሞት እሱም አብሮ ሞተ። በዚያን ጊዜ ሜጀር ጄኔራል ነበረ፤ ዕድሜው 41 ነው። ከሟቾቹ አሜሪካውያን ስለ ነበሩና አጽማቸውን መለየት ስላልተቻለ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ሁሉም በአንድነት በአሜሪካ በአርሊንግተን ተቀበሩ። ብቸኛ ልጁ የተወለደው እሱ ከሞተ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፤ እሱም አድጎ ወታደር ሆነ። በአዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤት በስሙ የተከፈተው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ነው።

እንግዲህ በሁለት ትውልድ ውስጥ ይህ ቤተ ዘመድ የሰበሰባቸውን ኒሻኖች፣ ማዕረጎችና መታሰቢያዎች ስንመለከት አንድ ነገር ይታየናል። ኒሻን ለአንድ ሰው ደረት ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ቤቱን ያስከብራል፤ ለሚቀጥለው ልጅ በር ይከፍታል። የሬጂናልድ ስም ባይከበር ኖሮ ደብዳቤው አይሠራም ነበር።

ይህን አሠራር ለማስተዋል ከአኙዋክ የተሻለ ምሳሌ የለንም። በአኙዋክ መሳፍንት፣ ኒየያ በሚባሉት ዘንድ፣ የመኳንንቱ ምልክት ኦቿክ የሚባል የዶቃ ሐብል ነው። አፈ ታሪኩ ከወንዝ ከወጣው አባታቸው ከኡኪሮ ጋር ያያይዘዋል። ሐብሉ ከአንዱ መስፍን ወደ ሌላው በስምምነት ወይም በጦርነት ይተላለፋል። አንድ መስፍን ለጥቂት ጊዜ እንኳ ቢሆን ሊያጠልቀው የሚታገለው ለራሱ ክብር ብቻ አይደለም፤ አባቱ ዶቃውን ያላጠለቀ ልጅ ወደ ፊት የማጥለቅ መብት ስለሚያጣ ነው። እንግዲህ ዶቃው የአባት ክብር ለልጅ መብት የሚሆንበት መሣሪያ ነው። ከዚህ አንጻር የስኮትላንዱ ኒሻንና የባሮው ዶቃ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። ልዩነታቸው ሌላ ነው፤ የሱዳን መንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1921 የአኙዋክን ዶቃ ዝውውር በራሱ ሥርዓት ሊመራ ሲነሣ የእንግሊዝን ኒሻን የሚመራ አኙዋክ ግን አልነበረም። አንዱ ሕዝብ የሌላውን ክብር ይቆጣጠራል፤ ሌላው ግን የራሱን እንኳ በነፃነት አያስተላልፍም። የቅኝ ግዛት ሥርዓት በዘመድ ነገር ውስጥ እንዴት እንደ ገባ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ የለም።

ኑዌሮችም አንድን የዘር ሐረግ ቶክ ድዊኤል፣ ማለት የጎጆ በር፣ ብለው ይጠሩታል። ዊንጌቶችንም በዚህ ቃል ብናያቸው ነገሩ ይገባናል። ከግላስጎ የተነሣው የጎጆ በር አንደኛው በካርቱም፣ ሁለተኛው በደብረ ማርቆስ ተከፈተ።

ስለ ወደፊቱ ጥናት

ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ነፃነቷን ስታገኝ ዐፄ ምኒልክ በውሉ ያስገቡት ቃል ሥራውን ሠራ፤ የእንግሊዝና የግብፅ አገዛዝ በማብቃቱ ኪራዩ አበቃ፤ በዚሁ በአውሮፓውያን ዓመት፣ በ1956፣ ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። ያቺ ትንሽ ጣቢያ ዛሬ የአንድ ክልል ዋና ከተማ ናት። ወንዙ ግን እንደ ድንበር ቀረ፤ በወዲህና በወዲያ ያሉ ዘመዳሞችም እስከ ዛሬ በሁለት አገር ይኖራሉ።

የሬጂናልድ ወረቀቶች በእንግሊዝ አገር በደርሃም ዩኒቨርሲቲ በሱዳን ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጁ ሮናልድም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 የአባቱን ታሪክ ጽፎ አሳተመ። ስለ ኦርድ የተጻፉትም መጻሕፍት መደርደሪያ ይሞላሉ። ይህ ቤት ታሪኩን ራሱ ጠብቆ ለተመራማሪ አስረክቧል። በጎጃም በኩል የተዋጉት አርበኞች ታሪክ ደግሞ በከፊል በአማርኛ ተጽፏል። የባሮ፣ የአኮቦና የጊሎ ሰዎች ታሪክ ግን አብዛኛው በሽማግሎች አፍ ነው፤ የ1933ቱን ጦርነት በዓይኑ ያየ ትውልድም አልፎ በልጆችና በልጅ ልጆች ቃል ብቻ ቀርቷል።

ስለዚህ ይህን ጥናት የሚያነሣ ተማሪ ሦስት ነገሮችን አጣምሮ እንዲይዝ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የደርሃምን ወረቀቶች የአካባቢውን ቋንቋ ከሚያውቅ ሰው ጋር ማንበብ ነው፤ በእንግሊዝ ጆሮ ተሰምቶ የተጻፈው የመንደርና የሰው ስም የማን እንደ ሆነ ለይቶ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነውና። ሁለተኛ፣ በየመንደሩ የሚቆጠረውን የዘር ሐረግ ከነዘመቻው ትዝታ መመዝገብ ነው፤ ማን ከማን ጋር ወደ ጦርነቱ እንደ ሄደ ከሐረጉ ተለይቶ አይገኝም። ሦስተኛ፣ ከድንበሩ ማዶ፣ በደቡብ ሱዳን፣ ያለውን የዚያኑ ቤተ ዘመድ ቃል ከወዲህ ካለው ጋር ማስተያየት ነው።

ኦርድ ዊንጌት የኢትዮጵያን ነፃነት ከልቡ የወደደ ወታደር መሆኑን የሚክድ ሚዛናዊ ሰው አይኖርም፤ ትምህርት ቤቱም በስሙ መጠራቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንድን ሰው ስም በትክክል የምናከብረው ከስሙ ጋር የመጣውን ሁሉ ስናውቅ ነው። የዊንጌትን ሐረግ ከግላስጎ ጀምረን እስከ አርሊንግተን መቁጠር ከቻልን በኦዶንጋ የወደቀውን፣ በጊሎ ዳር ለኢቫንስ ፕሪቻርድ መንገድ የመራውን፣ በሳዮ አቀበት ጥይት የተሸከመውን ሰው ሐረግ ለመቁጠር የሚያንስ ችሎታ የለንም። የሚያንሰን ጊዜ ነው፤ ሐረጉን የሚያውቁት ሰዎች በየዓመቱ ይቀንሳሉና።